ሸክላ ማጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት ስፒከራችሁን አዙሩት

ሰሞኑን ሸክላ ማጫወቻ ልግዛ እያለ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ደስ ይለኛል። የአባትና የእናት ሸክላ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ ከሚቀር ሳሎን ውስጥ ቢዘፍን ይሻላል። ግን ብዙው ሰው ከተሳሳተው ጫፍ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ማጫወቻውን ያያል፣ መልኩን ይወደዋል፣ ይገዛዋል፣ ተሸክሞ ቤት ያመጣዋል፣ ከዚያ ነው እንግዲህ ቡፌው ላይ ካለው ገመድ አልባ ስፒከር ጋር በምን እንደሚያገናኘው ማሰብ የሚጀምረው።

እኔም እንደዚሁ ነው የጀመርኩት። መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ሻንጣ የሚመስል፣ ክዳኑ የሚከፈት፣ የሚያምር ማጫወቻ አየሁ። ካርቶኑ ላይ ብሉቱዝ ይላል። በቃ፣ ስፒከሬም ብሉቱዝ ነው፣ ይሄም ብሉቱዝ ነው፣ ምን ቀረ ብዬ ከፈልኩ። አራት ኪሎ ቤቴ ገብቼ ብሞክረው፣ ብሞክረው አልያያዝ አለ። ለካስ የማጫወቻው ብሉቱዝ ተቀባይ ብቻ ነው። ከስልክ ዘፈን ተቀብሎ በራሱ ትንንሽ ስፒከሮች ያሰማል እንጂ ሸክላውን ወደ ሌላ ስፒከር አይልክም። ሻጩም አያውቅም ነበር፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። ማጫወቻው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ስፒከሩን አዙሩና ጀርባውን እዩ

ቤታችሁ ያለውን ስፒከር አንሱና ጀርባውንም ታቹንም እዩት። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ድምፅ በገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አለው ወይስ የለውም? የጆሮ ማዳመጫ ጃክ የሚያክል ክብ ቀዳዳ ከሆነ እሱ ኦክስ ነው። ቀይና ነጭ ጎን ለጎን ከሆኑ ደግሞ አርሲኤ ነው። ከሁለቱ አንዱ ካለ እፎይ በሉ፣ ምርጫችሁ ሰፊ ነው። ሁለቱም ከሌለ ግን ማጫወቻው የግድ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ መላክ የሚችል መሆን አለበት፣ ወይ መሃል ላይ ሌላ ትንሽ ዕቃ ይገባል።

እዚህ ከተማ በየቤቱ የማየው ጄቢኤል ነው። ፍሊፕ 5 እና ቻርጅ 5 የኦክስ ቀዳዳ የላቸውም፣ ብሉቱዝ ብቻ ናቸው። ትልልቆቹ ፓርቲቦክሶች ግን አብዛኞቹ የገመድ መግቢያ አላቸው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ሶኖስ ያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ ስሙን በደንብ አንብቡ፣ ምክንያቱም አንዱ ከሌላው ይለያያል። ሶኖስ ዋን የገመድ መግቢያም ብሉቱዝም የለውም፣ በዋይፋይ ነው የሚሠራው። ሶኖስ ፋይቭ የኦክስ ቀዳዳ አለው። ኢራ 100 እና ኢራ 300 ብሉቱዝ አላቸው፣ በገመድ ለማስገባት ከተፈለገ ግን ለብቻው የሚሸጥ የራሳቸውን ማገናኛ ይፈልጋሉ። የሶኖስ ጥሩ ነገር፣ ቤት ውስጥ ካሉት አንዱ ብቻ የገመድ መግቢያ ካለው ከእሱ ወደ ሌሎቹ ሁሉ በዋይፋይ መላክ መቻሉ ነው። ሳሎን ያለው ፋይቭ ላይ የተሰካ ሸክላ መኝታ ቤት ባለው ዋን ላይ ይሰማል ማለት ነው።

የስፒከሩን ሞዴል ወረቀት ላይ ጻፉት። ወደ ሱቅ ስትሄዱ ይዛችሁት የምትሄዱት እሱን ነው።

ቀጥሎ ሸክላዎቻችሁን አውጡ

ምን ዓይነት ሸክላ እንዳላችሁ ሳታዩ ማጫወቻ አትምረጡ። የአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው የአማርኛ ሸክላ አብዛኛው ትንሹ ነው፣ 7 ኢንች፣ በየፊቱ አንድ ዘፈን፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ማሳተም ሲጀምር፣ ከዚያም ካይፋ የሚባለው ሸክላ አሳታሚ ሲከተል፣ ዘፈኖቹ የወጡት በአብዛኛው በዚህ መጠን ነበር። ትልቁ 12 ኢንች በደቂቃ 33 የሚዞረው ነው። አሁን በውጭ ሀገር እንደገና እየታተሙ የሚመጡት የድሮ ዘፈኖች ብዙዎቹ በዚህ ናቸው።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? አንዳንድ ማጫወቻ አዝራሩ ሲጫን ክንዱ ራሱ ተነስቶ ሸክላው ጫፍ ላይ ያርፋል። በዚህ ዓይነቱ ላይ 7 እና 12 የሚል መምረጫ መኖር አለበት። መምረጫው 12 ላይ ሆኖ ትንሹን ሸክላ ካስቀመጣችሁ መርፌው ባዶ ቦታ ላይ ይወርድና ይጎዳል። እና እንደ እኔ ቤታችሁ 45ቶች የሚበዙ ከሆነ መምረጫውን በዓይናችሁ እዩ። የመሃል ቀዳዳቸው ሰፊ የሆኑ 45ቶችም አሉ። ለእነሱ መሃል የምትገባ ክብ ማጥበቂያ ከማጫወቻው ጋር መምጣቷን አረጋግጡ፣ ትንሽ ነገር ናት ግን ከሌለች ሸክላው እየተንጋደደ ይዞራል፣ ዘፈኑም ይዋኛል።

ከአያት ሳጥን ውስጥ ወፈር ያለ፣ ከበድ ያለ፣ እንደ ሳህን የሚሰበር ሸክላ ካገኛችሁ ግን ቁሙ። እሱ የ78 ዙር ሸክላ ነው። የሀገራችን የሸክላ ታሪክ በዚህ ነው የተጀመረው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ሄደው የቀረጹት በዚህ ዓይነቱ ላይ ነው። የዚህ ሸክላ መስመር በጣም ሰፊ ስለሆነ የተለመደው መርፌ ታች ወርዶ ይንከባለላል፣ የሚሰማው ጭርጭርታ ብቻ ይሆናል። 78 ለማጫወት ፍጥነቱም መርፌውም ለብቻ ያስፈልጋል። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ120ኤክስ ሦስቱንም ፍጥነት ይዟል፣ መርፌው ግን ተለይቶ ይገዛል። አንድ ሌላ ነገር፣ እነዚህን አሮጌ ሸክላዎች በአልኮል አታጽዱ። የተሠሩበትን ነገር አልኮል ያሟሟዋል።

መብራቱ፣ እባካችሁ መብራቱን አትርሱ

ይሄን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው ከአሜሪካ ማጫወቻ የሚላክለት ሰው ስለበዛ ነው።

አጎቴ ከዋሽንግተን አንድ የድሮ ማጫወቻ ላከልኝ። ከባድ፣ እንጨት የለበሰ፣ ጠንካራ ዕቃ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት መሆኑን አውቃለሁ፣ እና ትራንስፎርመር ገዛሁ፣ 220ውን ወደ 110 አወረድኩ፣ ሰካሁ። ዞረ። ሸክላ አስቀመጥኩ። ሴቷ ዘፋኝ እንደ ወንድ ጎርናና ሆና፣ ዘፈኑ እንደ ደከመው ሰው እየተጎተተ መጣ። ቺንጋው ላልቶ ይሆናል ብዬ ቀየርኩት። ያው ነው። ሞተሩን በዘይት አስነካሁት። ያው ነው። በመጨረሻ ፒያሳ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ጋ ተሸክሜ ሄድኩ።

ገልብጠው የታች ጽሑፉን አነበቡና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ አልተበላሸም» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው ጋሼ?»

«ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ነው የሚቀይረው። ኸርዙን አይነካውም። የእነሱ መብራት 60 ነው፣ የኛ 50።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የብዙዎቹ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ምት ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ፣ የኛ 50 ጊዜ ይመታል። ለ60 የተሠራ ሞተር እዚህ ሲሰካ ከስድስት አምስቱን ያህል ብቻ ይሮጣል። 33 የሚዞረው 28 ገደማ ይሆናል፣ 45 የሚዞረው ወደ 37 ተኩል ይወርዳል። ይሄን ትራንስፎርመር አያድነውም። መፍትሔው ሞተሩ ላይ ያለችውን፣ ቺንጋው የሚጠመጠምባትን ትንሽ መዘውር ለ50 ኸርዝ በተሠራች መቀየር ነው፣ እሷን ማግኘት ግን ለሁሉም ሞዴል አይሳካም። ለኔ ተርነሪ የሚሠራ ሰው በልኳ ወፈር አድርጎ ቀረጸልኝና ዳነ፤ ያ ግን ብዙ ምልልስ የጠየቀ ነገር ነው፣ ለሌላ ሰው አልመክረውም።

ከአውሮፓ የሚመጣ ዕቃ ይሄ ችግር የለበትም፣ እዚያም 50 ኸርዝ ነው። አዳዲሶቹ ማጫወቻዎችም ብዙዎቹ እንደ ላፕቶፕ በቻርጀር የሚሠሩ ናቸው፣ ሞተራቸው መብራቱን በቀጥታ አያየውም። ስለዚህ ከአሜሪካ ለምትጠይቁት ሰው የምትሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ጽሑፍ መኖሩን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።» ያ ካለ የሚቀረው የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ በየሱቁ የሚሸጥ ኮንቨርተር ይጨርሰዋል።

መብራት ሲሄድስ? ስፒከራችሁ ባትሪ ይኖረው ይሆናል፣ ማጫወቻው ግን የለውም። ሸክላው እየዘፈነ መብራት ከሄደ መርፌው ባለበት ይቆማል። ክንዱን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱና ማረፊያው ላይ መልሱት። ከዚያ ከዲቫይደሩ ንቀሉት። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው ዕቃ የሚያቃጥለው፣ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ብትሰኩት ምንም አይቀርባችሁም።

ፕሪአምፕ የሚባለው ነገር

አሁን ወደ ማጫወቻው ራሱ ገባን። የሸክላ መርፌ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ድምፅ በጣም ደካማ ነው፣ በተለመደው ካርትሪጅ (ክንዱ ጫፍ ላይ ሆኖ መርፌውን የሚይዘው ትንሽ ዕቃ) 3 ወይም 5 ሚሊቮልት አካባቢ። ስፒከራችሁ የሚጠብቀው ከዚያ በመቶ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ደግሞ ድካሙ ብቻ አይደለም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ባይቀነስ ኖሮ የቤዝ ጊታሩ መስመር እየሰፋ ሸክላው ብዙ ዘፈን አይዝም ነበር፣ መርፌውም ይዘል ነበር። ሲጫወት ያንን መልሶ የሚያስተካክለውና ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ዕቃ ፕሪአምፕ ይባላል። እሱ ከሌለ ስፒከሩን እስከ ጥግ ብትከፍቱት እንኳ የሚሰማው ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ነው።

ጥሩው ዜና፣ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው አዳዲስ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ፕሪአምፑን ውስጣቸው ይዘውት ይመጣሉ። ጀርባቸው ላይ ፎኖ እና ላይን የሚል ትንሽ መቀየሪያ አለ። ቀጥታ ስፒከር ላይ የምትሰኩ ከሆነ ላይን ላይ አድርጉት። ፎኖ የሚባለው የራሱ ፕሪአምፕ ላለው የድሮ አምፕሊፋየር ነው። በስህተት ሁለት ፕሪአምፕ ተደራርቦ ከሠራ ድምፁ ይጮሃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሰው ስፒከሬ ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል።

ለገመድ አልባ ስፒከር የምትገዙ ከሆነ ፕሪአምፕ የሌለው ማጫወቻ አትግዙ። ሬጋ ፕላናር 1 ለምሳሌ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው፣ ፕሪአምፕ ግን የለውም፣ እዚህ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ልፋት ነው።

መርፌና ክንድ፣ ገንዘባችሁን የምታወጡበት ቦታ

ሁለት ማጫወቻ ቀርቦላችሁ አንዱ በመልኩ፣ አንዱ በክንዱ ቢበልጥ ክንዱን ምረጡ። ሸክላችሁን የሚነካው እሱ ብቻ ነው። ገመድ አልባው ነገር ዛሬ ባይሆን ነገ ይቀየራል፣ ስፒከርም ይቀየራል፣ የተቧጨረ ሸክላ ግን አይመለስም፣ በተለይ እነዚያ 45ቶች አንዴ ከጠፉ በስንት ጊዜ ነው የሚገኙት።

ደህና ካርትሪጅ ሸክላው ላይ የሚጫነው 2 ግራም አካባቢ ነው። ርካሾቹ የሻንጣ ማጫወቻዎች የሴራሚክ ካርትሪጅ ስለሚይዙ 5 ግራምና ከዚያ በላይ ይጫናሉ፣ ክብደቱንም ማስተካከያ የላቸውም። እኔ ያቺን የመርካቶዋን ማጫወቻ ያቆምኳት ብሉቱዟ እንቢ ስላለ ብቻ አልነበረም፣ ይሄን ስሰማ ነው።

ከክንዱ ጀርባ የሚሽከረከር ክብ ክብደት ያለው ማጫወቻ ከሆነ የመርፌውን ጫና ራሳችሁ ትለካላችሁ። ለዚህ እስከ ግራም መቶኛ የምታነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል፣ የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ከምትጠቀሙባት ዓይነት ትንሿ። ካርትሪጁ ስንት ግራም እንደሚፈልግ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ከዚያ አትውጡ። ቀለል ባደርገው ሸክላውን አይጎዳም የሚሉ አሉ፣ ስህተት ነው፣ የቀለለ መርፌ መስመሩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል። እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ60ኤክስ ያሉት ደግሞ ከፋብሪካ ተስተካክለው ስለሚመጡ የሚነካ ነገር የላቸውም። ለጀማሪ፣ ወይም ለእናቴ ልስጣት ለሚል ሰው፣ እኔ የምለው እሱን ነው።

በቺንጋ የሚዞር ይሻላል ወይስ ሞተሩ ቀጥታ የሚያዞረው? ለቤት ሁለቱም ይሆናሉ። ቺንጋ በጊዜ ብዛት ይላላል፣ ይቀየራል፣ ያ ብቻ ነው።

ድምፁ እንዴት ወደ ስፒከሩ ይሂድ?

እዚህ ጋ ሦስት መንገድ አለ፣ እኔም ግልጽ ያለ አቋም አለኝ። ስፒከሩ የገመድ መግቢያ ካለው በገመድ አገናኙት። ገመድ አልባ ስፒከር ገዝቼ መልሼ ገመድ ልሰካ እንዴ የሚል አለ። ስፒከሩ እኮ አይቆጣም። ከአንድ ወገን አርሲኤ፣ ከሌላው ኦክስ የሆነ ገመድ የትም ይገኛል፣ ዋጋውም ቀላል ነው፣ አይቆራረጥም፣ ስልክ ሲደወል አይጠፋም።

ብሉቱዝ ሁለተኛው ነው፣ ለብዙ ቤት የሚመቸውም እሱ ነው። ሶኒ ፒኤስ ኤልኤክስ310ቢቲ እና ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ60ኤክስቢቲ በብሉቱዝ የሚልኩ ናቸው፣ የገመድ መውጫም ፕሪአምፕም አላቸው፣ ማለትም ነገ ስፒከር ብትቀይሩ ማጫወቻው አብሮ አይጣልም። እኔ ብሉቱዝ ያለው ግዙ ስል ሁልጊዜ የገመድ መውጫም ያለው ማለቴ ነው። ሱቅ ውስጥ የምትጠይቁት ጥያቄ «ብሉቱዝ አለው?» አይሁን። «ይልካል ወይስ ይቀበላል?» በሉ። ሻጩ ካላወቀ ስፒከራችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አገናኝቶ ያሰማችሁ። ይሄን ለመጠየቅ አትፈሩ፣ የእናንተ ገንዘብ ነው።

በብሉቱዝ የሚላክ ድምፅ በመንገድ ላይ ይጨመቃል፣ ትንሽ ነገር ይቀራል። ሰው ይሄን ብዙ ያካብደዋል። ቡና እየተፈላ፣ ልጆች እየሮጡ፣ ከደጅ ታክሲ እየጠራ፣ በአንድ ቻርጅ 5 ለሚሰማ ሰው ልዩነቱ አይታወቀውም። በአንድ ስፒከር መስማትም እንደሚወራው ኪሳራ አይደለም፣ የዚያን ዘመን 45ቶች ብዙዎቹ ሞኖ ስለሆኑ ቀኝና ግራ የላቸውም። ጥሩ ትልቅ ስፒከርና አዲስ የታተመ 12 ኢንች ካላችሁ ግን ገመዱን ሰኩ፣ ትሰሙታላችሁ።

ብሉቱዝ የሌለው ጥሩ ማጫወቻ ቀድሞ ካላችሁ አዲስ አትግዙ። የአርሲኤ መውጫው ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ ላኪ አለ። ሱቆቻችን ውስጥ የሚበዛው ግን ለመኪና የሚሆነው ተቀባይ ነው፣ መልካቸውም አንድ ነው። አሁንም ጥያቄው ያው ነው፣ ይልካል ወይስ ይቀበላል።

ሦስተኛው ዋይፋይ ነው፣ በተለይ ለሶኖስ። ቪክትሮላ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ስትሪም ካርበን የሚባለው ማጫወቻ ቀጥታ በዋይፋይ ለሶኖስ ይልካል። ውድ ነው። ቤት ውስጥ ሶኖስ ዋኖች ብቻ ለያዘ ሰው ግን ነገሩን በአንድ ዕቃ ይጨርስለታል። ሶኖስ ፋይቭ ካላችሁ አያስፈልጋችሁም።

አሮጌ ስትገዙ

መርካቶ ምን አለሽ ተራም ይሁን ቴሌግራም ላይ፣ አንድ ሸክላ ይዛችሁ ሂዱ፣ የማትሳሱለትን። መጀመሪያ ሳይሰካ መዞሪያውን በእጃችሁ አሽከርክሩት፣ መፋጨት ወይም መንገዳገድ የለበትም። ክንዱን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በጣት ጫፍ ግፉት፣ እንደ ላባ መሄድ አለበት፣ የሆነ ቦታ ላይ ከያዘ ተዉት። መርፌውን በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩት። ከተጣመመ ወይም ጫፉ ከጠፋ ማጫወቻው ራሱ ደህና ሊሆን ይችላል፣ ግን ያ መርፌ አሁንም ይገኛል ወይ የሚለውን ሳታውቁ አትክፈሉ።

ፍጥነቱን ደግሞ በቀላሉ ትለካላችሁ። መዞሪያው ጫፍ ላይ ትንሽ ወረቀት አስቀምጡና ስልካችሁ ላይ ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ። 45 ላይ በአንድ ደቂቃ 45 ጊዜ፣ 33 ላይ በሦስት ደቂቃ 100 ጊዜ ማለፍ አለበት። 37 ወይም 38 ከቆጠራችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ ከአሜሪካ የመጣ ነው።

ቤት ሲገባ

ማጫወቻውን ስፒከሩ ያለበት መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት። የስፒከሩ ንዝረት በእንጨቱ አልፎ መርፌው ጋ ይደርሳል፣ መርፌው እንደገና ለስፒከሩ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ኡኡኡ የሚል ወፍራም ጩኸት ይመጣል። ገመድ አልባ መሆኑ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፣ ስፒከሩን ወዲያ ማዶ ማድረግ ትችላላችሁ። በገመድ ያገናኛችሁም ብትሆኑ ገመዱ ሁለት ሜትር ይሁንና አራርቋቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወለሉ ኮንክሪት ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም። በድሮዎቹ የፒያሳና የአራት ኪሎ ቤቶች የእንጨት ወለል ላይ ግን ሰው ባለፈ ቁጥር መርፌው ይዘላል። እንዲህ ከሆነ ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ላይ አድርጉት።

ውሃ ልክ አምጡና መዞሪያው ላይ አስቀምጡ፣ ከሌላችሁ ስልካችሁ ላይ አለ። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ከእግሩ ሥር ካርቶን እያጠፋችሁ አስተካክሉት።

በብሉቱዝ ስታገናኙ በመጀመሪያ የስልካችሁን ብሉቱዝ አጥፉ። ይሄን የማያደርግ ሰው ብዙ ይደክማል፣ ምክንያቱም ስፒከሩ የሚያውቀው ስልኩን ስለሆነ ሮጦ እሱ ላይ ይለጠፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቅርቡ፣ የሁለቱንም የማገናኛ አዝራር መብራቱ ቶሎ ቶሎ እስኪበራ ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ ጠብቁ። ማጫወቻው ስክሪን ስለሌለው ማንን እንደያዘ አይነግራችሁም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የጎረቤትን ስፒከር የሚይዝበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ዘፈኑ ከእናንተ ቤት መውጣቱን ስሙ። መርፌው ሸክላውን ከነካ በኋላ ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ቢመጣ አልተበላሸም፣ የብሉቱዝ ጠባይ ነው።

በጋ ላይ የከተማችን አቧራ የሚታወቅ ነው። ክዳኑን ሳትጠቀሙ ክፍት አትተዉት። ሸክላውን ከማጫወታችሁ በፊት እየዞረ ለስላሳ የሸክላ ብሩሽ አስነኩት፣ መርፌውን ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ በስሱ ጥረጉ፣ ወደ ጎን ከሆነ ትሰብሩታላችሁ።

ከዚያ የመርፌውን ቁጥር ፎቶ አንሱ። የኤልፒ60ኤክስ ለምሳሌ ኤቲኤን3600ኤል ነው። መርፌ በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ከሠራ በኋላ ያልቃል፣ የሚያልቀው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ሰው በሌለበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ገና አዲስ ሳለ፣ ቀጣዩ ዘመድ ሻንጣውን ሳይዘጋ፣ ፎቶውን ላኩለትና ሁለት ያምጣላችሁ። ከጣት አይበልጥም፣ ኪሱም ይይዘዋል።